ጉዞም እንደ ማትሪክ፦ የቻይና ወጣቶች ለምን እንዲህ ይጓዛሉ?

[ምስል፦ ሌሊት። ጠባብ የድንጋይ ደረጃ፤ በስልክ መብራት እየተመሩ የሚወጡ ወጣቶች ረጅም ሰልፍ]

ተራኪ፦ አርብ ነው። ናንጂንግ ከተማ የምትማር የሃያ ዓመት ተማሪ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዋን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጨርሳ በቀጥታ ወደ ባቡር ጣቢያ ትሮጣለች። በጀርባ ቦርሳዋ ውስጥ ፓወር ባንክ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ፔርሙዝና ሁለት ዳቦ አለ። ቅያሪ ልብስ የለም። ልብስ የሚቀየርበት ሰዓት ፕሮግራሙ ውስጥ አልገባም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ታይአን ከተማ ትወርዳለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ታይሻን ተራራን በእግሯ መውጣት ትጀምራለች፤ ደረጃው ወደ ሰባት ሺህ ይጠጋል። ጫፉ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና አረንጓዴ የወታደር ካፖርት ትከራያለች። ጎህ ሲቀድ ፀሐይዋን ፎቶ ታነሳለች፣ ራሷን ከፀሐይዋ ጋር ታነሳለች፣ ትወርዳለች። ረፋድ ላይ ጂናን ሄዳ ከመሬት የሚንፎለፎለውን ምንጭ ታያለች። ማታ ዚቦ ከተማ ጥብስ ትበላለች። ሆቴል አልያዘችም፤ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ ሆትፖት ቤት (በሚፈላ መረቅ ምግብ እየነከሩ የሚበሉበት ቤት) ወንበር ላይ ታንቀላፋለች። እሑድ ሌላ ከተማ። እሑድ ሌሊት በርካሹ ባቡር፣ መደገፊያው ቀጥ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመለሳለች። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ናት።

ስም አልሰጠኋትም፤ አንድ ሰው አይደለችምና። በ2023 ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት የጸደይ ወራት በየባቡር ጣቢያው እሷን የመሰሉ ተማሪዎች ሞልተው ነበር። የማነሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ። ቻይናዎቹ ለዚህ አካሄድ ወዲያው ስም አወጡለት። "የልዩ ኃይል ጉዞ" ብዬ ልተረጉመው ነበር፤ ቃሉ እኛ ጋ ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ "የኮማንዶ ጉዞ" እንበለው። በትንሽ ገንዘብ፣ በትንሽ ሰዓት፣ ብዙ ቦታ።

ለምን ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ "ገንዘብም ጊዜም ስለሌለን" ይላሉ። ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። ገንዘብና ጊዜ የሌለው ሰው እቤቱ ተኝቶ ቅዳሜን ማሳለፍም ይችላል። እኔ እንደማየው ይህች ልጅ የምትጓዘው ያደገችበትን አስተዳደግ ይዛ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ከአያቷ መጀመር አለብን።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ በሰው የታጨቀ ባቡር፣ በመስኮት የሚገቡ ወጣቶች]

አያትየዋ በ1950 ተወለዱ እንበል። በ1966 የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ናቸው። የባህል አብዮት የተጀመረበት ዓመት ነው። በዚያ መኸር የቻይና ተማሪዎች "አብዮታዊ ልምድ ለመለዋወጥ" ተብሎ ባቡር በነጻ እንዲሳፈሩ ተፈቀደላቸው። ማደሪያውም ምግቡም በነጻ። ሚሊዮኖች ወደ ቤጂንግ ጎረፉ፤ የአገሪቱ መሪ ማኦ ከነሐሴ እስከ ኅዳር በቲያንአንመን አደባባይ ስምንት ጊዜ ወጥቶ በድምሩ ከ11 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች አይተውታል። ሻንጣ መደርደሪያው ላይ ሰው ይተኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1968 መጨረሻ፣ ያው ትውልድ ገጠር ወርዶ ከገበሬ እንዲማር ታዘዘ። ከ16 ሚሊዮን በላይ የከተማ ወጣት ሄደ። ይህም በባቡር ነው፤ የመመለሻ ቲኬት ግን የለውም።

ከዚያ ውጭ ሰው ደስ ስላለው ብቻ ተነስቶ የሚሄድበት ዘመን አልነበረም። ሌላ ከተማ ሄዶ ለማደር ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ ካልያዙ አልጋ የሚሰጥ የለም። ምግብ ቤት ገብቶ ሩዝ ለማዘዝም ገንዘብ ብቻ አይበቃም፣ የእህል ኩፖን ይጠየቃል። የአንዱ ክፍለ ሀገር ኩፖን ሌላው ክፍለ ሀገር ውስጥ ወረቀት ነው። ስለዚህ መንገደኛ አስቀድሞ አገር አቀፍ ኩፖን ማውጣት ነበረበት። ኩፖኑ በ1955 ተጀምሮ ፈጽሞ የቀረው በ1993 ነው። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይዞ የተጓዘ አባት ያላችሁ፣ ወይም በስኳር ሰልፍ ያደጋችሁ፣ ይህን እኔ ሳስረዳችሁ አልደክምም።

እንዲህ ያለ ሰው መንገድን የሚያውቀው በስንቅ ነው። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙቅ ውሃ፣ ኋላ ላይ ደግሞ እኛ በደፈናው ኢንዶሚ የምንለው የሚዘፈዘፍ ኑድል። በቻይና እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ልጅ የሚያሳድጉት ብዙ ጊዜ አያቶች ስለሆኑ፣ ናንጂንግ ያለችው ልጅ ቦርሳ ውስጥ ያ ፔርሙዝ የገባው በአጋጣሚ አይደለም።

ሌላም የወረሰችው ነገር አለ። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ኮንፊሽየስ "ወላጆችህ በሕይወት ሳሉ ርቀህ አትሂድ፤ ከሄድህም የምትሄድበት ይታወቅ" ብሏል። ሰው ሁልጊዜ የሚጠቅሰው የፊተኛውን ግማሽ ነው። የኋለኛው ግማሽ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ልጅቷ ተራራው ላይ ሆና ዊቻት በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ያለችበትን ቦታ ለእናቷ ስትልክ፣ "የምትሄድበት ይታወቅ" የሚለውን እየፈጸመች ነው።

[ምስል፦ ቢጫ ኮፍያ ያደረጉ መንገደኞች፣ ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ]

ወላጆቿ የሰባዎቹ ልጆች ናቸው። ኩፖኑን በልጅነታቸው አይተውታል፣ ሲቀርም አይተዋል። በ1999 መንግሥት "ወርቃማ ሳምንት" የሚባለውን የሰባት ቀን በዓል ሲጀምር ሠራተኛው ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝበት ረዘም ያለ ዕረፍት አገኘ። እነሱም በቡድን ተጓዙ፤ አንድ አውቶብስ፣ አንድ ቀለም ኮፍያ፣ ድምፅ ማጉያ የያዘች አስጎብኚ። ራሳቸው ቻይናዎቹ በዚህ ጉዞ ላይ የሚቀልዱበት አባባል አላቸው፦ አውቶብስ ላይ እንቅልፍ፣ ወርዶ ፎቶ፣ ቤት ገብቶ ምን አየህ ሲባል ምንም።

መቀለዱ ይቀላል። ግን የመጀመሪያ ፓስፖርቱን በአርባ ዓመቱ ያወጣ፣ የአገሩን ቋንቋ እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ባንዲራዋን ካልተከተለ ምን ይከተል? ይልቅ ያ ትውልድ ያሳለፈው ሌላ መከራ ነበር። የጉዞው ዋጋ ከወጪው በታች ይሆንና ቡድኑ ከታሪካዊ ቦታ ይልቅ ጌጣጌጥ ቤትና መድኃኒት ቤት ሲዞር ይውላል፤ ያልገዛ ሰው አውቶብስ ውስጥ ይሰደባል። ነገሩ በዝቶ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቱሪዝም ሕግ ይህን ከለከለ። እናት ቤት ተመልሳ ስለተሸጠላት የውሸት ጄድ (የከበረ ድንጋይ) አምባር ስታማርር ያችን ልጅ አስቧት፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ትሰማለች።

[ምስል፦ የመማሪያ ክፍል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቆለለ መጽሐፍ፣ ከኋላው የተማሪ ግንባር ብቻ ይታያል]

አሁን ወደ ልጅቷ። ከ1980 ገደማ እስከ 2015 መጨረሻ የቻይና ከተማ ቤተሰብ የሚፈቀድለት አንድ ልጅ ነበር። በገጠር ብዙ ቦታ የመጀመሪያዋ ሴት ከሆነች ሁለተኛ ይፈቀዳል፤ ለአናሳ ብሔረሰቦችም ሕጉ ላላ ይላል። የከተማው ልጅ ግን አራት አያት፣ ሁለት ወላጅ፣ እሱ አንድ። "ትንሹ ንጉሠ ነገሥት" ይሉታል። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ማለዳ ተነስቶ እስከ ማታ አራት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የሚያጎነብስ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው? የስድስት ሰው ተስፋ አንድ ጀርባ ላይ ሲጫን ዘውዱ መክበዱ አይቀርም።

የጠረጴዛው መጨረሻ ጋውካው ነው፤ በየዓመቱ ሰኔ 7 የሚጀምረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና። በ2024 የተመዘገቡት ተፈታኞች 13 ሚሊዮን 420 ሺህ ነበሩ። እኛም ማትሪክን እናውቃለንና ዝርዝር ውስጥ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ፦ በቻይና ልጁ ሲደክም ወላጅም አስተማሪም የሚያጽናናው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ታርፋለህ"። ጉዞ፣ ፍቅር፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም ለዚያ ቀን ይቀጠራል።

ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ግን በኮቪድ ዘመን ነው። የግቢው በር ተዘጋ። ለመውጣት ፈቃድ፣ ለመግባት ምርመራ። ጥብቁ ቁጥጥር የተነሳው በ2022 ታኅሣሥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተቀጠረላት ዕረፍት ላይ ሌላ ቀጠሮ ተጨመረበት ማለት ነው። በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ጸደይ የኮማንዶ ጉዞ መወለዱ ሊያስደንቀን አይገባም።

ዕረፍቱ ሲመጣ ደግሞ ማረፍን የት ትማረው? የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዝርዝር አውጥቶ አንድ በአንድ መሰረዝ። የቻይና ወጣቶች ስለ ጉዞ ሲያወሩ የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ቃላት ስሙ። የጉዞ ዕቅድ "ጎንግሉዌ" ይባላል፤ በጥሬው የማጥቂያ ስልት ማለት ነው፣ ከጦርነት ወደ ቪዲዮ ጌም፣ ከጌም ወደ ጉዞ የመጣ ቃል። አንድ ቦታ ደርሶ ፎቶ መነሳት ደግሞ "ዳካ" ነው። ዳካ ማለት ፋብሪካ በር ላይ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ካርድ መምታቱ ነው። መዝናናት እንኳ በሰዓት ፊርማ።

የማጥቂያ ስልቱ የሚገኘው በአብዛኛው ሻውሆንግሹ ላይ ነው፤ በ2013 ሻንጋይ የተመሠረተ፣ ስሙ "ትንሿ ቀይ መጽሐፍ" የሆነ መተግበሪያ። መጀመሪያ ውጭ አገር ዕቃ ለሚገዙ ቻይናውያን መመሪያ ነበር። ዛሬ ልጅቷ የትኛው ደረጃ ላይ ቆማ፣ በስንት ሰዓት፣ ስልኩ ከየት አቅጣጫ ተይዞ ፎቶ እንደምትነሳ ከዚያ ታወጣለች። ቦታው ላይ ስትደርስ ሰልፍ አለ፤ ሁሉም ያንኑ ፎቶ ሊነሳ። የውጭ ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ አለ እየተባለ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ተራራ ላይም ትክክለኛውን መልስ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

ይኸው መተግበሪያ ልጅቷ የእናቷን አምባር የምትበቀልበትም መሣሪያ ነው። ይህ ትውልድ አስጎብኚን አያምንም፤ የማያውቀውን የሺህ ሰው አስተያየት ያምናል። የዚቦ ታሪክ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

[ምስል፦ ትንሽ የከሰል ምድጃ ጠረጴዛ ላይ፤ ሥጋ በቀጭን ቂጣ ሲጠቀለል]

ዚቦ በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ያለች የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ጎብኚ የሚያውቃት አልነበረችም። በ2022 ኮቪድ ሲበረታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያ ተወስደው በለይቶ ማቆያ እንደሰነበቱና የከተማዋ ሰዎች በጥሩ ምግብ እንደሸኟቸው ይነገራል። "አበባ ሲያብብ ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ" ተባሉ። በ2023 መጋቢት ተመለሱ። አበላሉ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በጠረጴዛው ላይ ባለች ትንሽ ምድጃ ሥጋው ይሞቃል፣ በቀጭን ቂጣ ከባሮ ሽንኩርት ጋር ይጠቀለላል፣ ይጎረሳል። ብዙም ሳይቆይ ከጂናን ተነስቶ ዚቦ የሚያደርስ ልዩ የጥብስ ባቡር ተመደበ።

ከጥብሱ በላይ ከተማዋን ያስወደዳት ግን አንድ ቪዲዮ ነው። የራሱን ሚዛን ደብቆ ገበያ የሚዞር አንድ ቪዲዮ ሠሪ ዚቦ ገበያ ገብቶ ከየመደቡ እየገዛ መዘነ። አንዱም ሚዛን አላጎደለም። በሚዛን መታመን ይህን ያህል ዜና መሆኑ ስለ ወላጆች ዘመን የሚናገረው ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተሞች ዘዴውን ተማሩት። በ2024 የፈረንጅ አዲስ ዓመት የሦስት ቀን በዓል የበረዶዋ ከተማ ሃርቢን ከ3 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናገደች። የአገሬው ሰው በረዶ የሆነ ፒር እንዳለ ይነክሳል፤ ከደቡብ ለሚመጡት ወጣቶች ግን እየተላጠና እየተቆራረጠ በሳህን ቀረበላቸው። የሃርቢን ሰዎች "እኛ የዚህ ከተማ ልጆች አይደለንም እንዴ?" እያሉ በኢንተርኔት ቀለዱ። ፍሬ ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ጠረጴዛው ላይ፤ ይህ የቻይና እናት ለሚያጠና ልጇ የምታደርገው ነገር ነው። ከተማው ሳያውቀው እናት ሆኗል።

ታዲያ አንድ ልጅ ሆኖ ማደግ ጉዞ ላይ የሚታየው በመንከባከብ ብቻ አይደለም። አብሮ የሚሄድ ወንድም የለም፣ እህት የለም። ስለዚህ "ዳዚ" የሚባል ነገር መጣ። ዳዚ ጓደኛ አይደለም፤ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተገኘ አጋር ነው። "ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፣ ሴት፣ ፎቶ ማንሳት የምትችል፣ ቶሎ የማትደክም" ብለው መተግበሪያ ላይ ይለጥፋሉ። አብረው ተራራ ይወጣሉ፣ የሆቴል ዋጋ ይካፈላሉ፣ ጣቢያ ላይ ቻው ይባባላሉ። ስልክ ቁጥር ላይለዋወጡም ይችላሉ። እኛ አገር አብሮ እንጀራ የቆረሰ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይለያይም፤ ለነሱ ግን ደስ የሚለው ይኸው ነው፣ ይሉኝታ የለበትም።

አንድ ነገር ላርም። እስካሁን ያወራሁት ስለ ከተማ ልጅ ነው። ወላጆቹ ሩቅ ከተማ ፋብሪካ ገብተው በአያት እጅ ያደገ የገጠር ልጅ ባቡርን የሚያስታውሰው ሌላ መንገድ ነው፤ በቻይና አዲስ ዓመት እናትን የሚያመጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትን የሚወስድ። እሱም አሁን ተማሪ ሆኖ እዚያው ሠረገላ ውስጥ ከከተማዋ ልጅ ጎን ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ፎቶ ይነሳሉ፣ አንድ ዓይነት ስሜት ግን የሚሰማቸው አይመስለኝም።

[ምስል፦ ሰፊ አውራ ጎዳና፣ ሌሊት፣ ከዳር እስከ ዳር ብስክሌት]

የኮማንዶው ጉዞ ፈተና መሰለ ብለናል። አንዳንዴ ግን ልጆቹ ዝርዝሩን ይጥሉታል። በሰኔ 2024 አራት ተማሪዎች ከዤንግዡ ከተማ የኪራይ ብስክሌት ይዘው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ካይፈንግ ገቡ። ምክንያት? ሾርባ የሞላበት ዱምፕሊንግ (በሊጥ ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ) ሊበሉ። "ወጣትነት ዋጋ አይለጠፍበትም" የሚለው የዚያ ሰሞን መፈክር ተጨምሮበት፣ በኅዳር 8 ሌሊት ጎዳናው ከመቶ ሺህ በላይ በሚገመት ብስክሌተኛ ተዘጋ። ዝርዝር የለ። ዘፈን ብቻ። በማግስቱ የብስክሌት ኩባንያዎቹ ከክልላቸው የወጣውን ብስክሌት እንደሚቆልፉ አስታወቁ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ከግቢ መውጣትን ገደቡ። በሩ እንደገና ተዘጋ።

ሥራ የያዙትስ? እነሱ ላይ የሚፈርደው ሌላ ቁጥር ነው። ከ2008 ጀምሮ ባለው ደንብ፣ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ከአሥር ዓመት በታች የሠራ ሰው የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ አምስት ቀን ነው። ሥራ ያላገኙትም ብዙ ናቸው፤ በሰኔ 2023 የከተማ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ደርሶ፣ በቀጣዮቹ ወራት የስታቲስቲክስ ቢሮው ቁጥሩን ማውጣት ለጊዜው አቆመ። በዚያው ዓመት ወጣቶች ወደ ቤተ መቅደስ መጉረፍ ጀመሩ፤ ቤጂንግ ያለው የዮንግሄ ቤተ መቅደስ በር ላይ የሃያ ዓመት ልጆች ዕጣን ይዘው ተሰለፉ። ቀልዳቸው በቻይንኛ የቃላት ጨዋታ አለው፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ ጣዕሙ ይቀንሳል፦ "ወደ ሥራ መሄድና በሕይወት ወደ ላይ መውጣት አማራጭ ቢሆኑልኝ፣ ዕጣን ማጨስን መረጥኩ።" ዩናን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በዳሊ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይተው ምንም ሳይሠሩ ወር የሚቀመጡም አሉ። ፈተናውን ጥሎ የወጣ ተፈታኝ በሉት። ያም ቢሆን ፈተናው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

[ምስል፦ እናትና ልጅ፣ የባቡር ጣቢያ፤ እናት ቀይ የሐር ሻርፕ ይዛለች]

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዞ እየተለመደ ነው፤ ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው መሄድ። ባንዲራ የምትይዘው ልጅቷ ናት። ቲኬቱ በሷ ስልክ፣ ዕቅዱ በሷ ስልክ፣ ሰዓቱ በደቂቃ የተሸነሸነ። እናት ሻርፗን በነፋስ እያውለበለበች ፎቶ ትነሳለች፣ ከዚያ ትደክማለች፣ "ሙቅ ውሃ የት ይገኛል?" ትላለች።

ከሁሉ የሚከብደው ዋጋ ነው። የቻይና ወጣቶች በዚህ ላይ አንድ የታወቀ ዘዴ አላቸው፤ ለወላጅ ዋጋ ሲነገር በሦስት ይካፈላል።

"ልጄ፣ ይህ ክፍል ስንት ነው?"

ስድስት መቶ ዩዋን ነው። "ሁለት መቶ፣ እማ።"

"ሁለት መቶ! ለአንድ ሌሊት?"

ጠዋት ቁርስ ቤት ይወርዳሉ። ቁርሱ ከክፍሉ ዋጋ ጋር የተከፈለበት ነው። እናት ግራና ቀኝ ታያለች፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በሶፍት ትጠቀልላለች፣ የልጇን ቦርሳ ከፍታ ከፔርሙዙ ጎን ታስቀምጥላታለች።